ርቀትና የተቋማት ልዩነት በሣይንሳዊ ምርምር ትብብር ውስጥ ያላቸው ድርሻ

መግቢያ

ሣይንሳዊ ምርምር በአንድ ሊቅ ጥረት ብቻ ተጀምሮ የሚፈጸምበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል። ዛሬ አንድ የምርምር ጥያቄ በአንድ አገር ይነሣል፤ ናሙናው በሌላ አገር ይሰበሰባል፤ በሦስተኛው አገር ቤተ ሙከራ ይመረመራል፤ ውጤቱም በአራተኛው አገር ይታተማል። ሥራውን የሚካፈሉት ተቋማት የሚተዳደሩበት ሕግ፣ የሚከተሉት የበጀት ዘመንና ያዳበሩት የሥራ ልማድ ግን የተለያየ ነው። ስለሆነም በማናቸውም የምርምር ትብብር ውስጥ ሁለት ዓይነት ርቀት ይገኛል። አንደኛው በኪሎ ሜትር የሚለካው የቦታ ርቀት ነው። ሁለተኛው በደንብና በአሠራር ልዩነት የሚፈጠረው የተቋማት ርቀት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ ርቀቶች በምርምር ሥራ ላይ የሚያሳድሩትን ተጽዕኖ በተጨባጭ ምሳሌዎች ማስረዳትና ለትምህርት ሥራ የሚሰጡትን ትምህርት ማመልከት ነው። ጉዳዩ ለመምህራንና ለዕቅድ ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከውጭ አገር ተቋም ጋር በጥናት ሲተባበር፣ የኮሌጁ መምህር ከጥያቄው አመንጪዎች አንዱ ይሆናል ወይስ መጠይቅ በታኝና ናሙና ላኪ ብቻ ሆኖ ይቀራል? ለዚህ ጥያቄ ምላሽ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በሚደረገው፣ ወይም ሳይደረግ በሚታለፈው ስምምነት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. የቦታ መቀራረብ የሚሰጠው ጥቅም

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሊቅ የነበሩት ቶማስ አለን በምርምርና በምህንድስና ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩ ባለሙያዎች ስለ ሥራቸው በየስንት ጊዜው እንደሚነጋገሩ ለዓመታት አጥንተው ውጤቱን በ1977 በመጽሐፍ አሳትመዋል። የጥናቱ ግኝት አስገራሚ ነበር። የሁለት ባለሙያዎች ጠረጴዛ እየተራራቀ በሄደ መጠን የመነጋገራቸው ዕድል በፍጥነት እየቀነሰ ይሄድና ከ30 ሜትር ገደማ በኋላ እጅግ ዝቅተኛ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በአንድ ሕንፃ ጫፍና ጫፍ መቀመጥ በሌላ ሕንፃ ከመቀመጥ ብዙም አይለይም። የመሰላል መውጣትና መውረድ እንኳ ሰዎችን ከመገናኘት ያግዳቸዋል።

ይህ የሆነበት ምክንያት ከምርምር ዕውቀት ባሕርይ የሚመነጭ ነው። ታትሞ የሚወጣው ጽሑፍ የተሳካውን ሥራ ይገልጻል። ያልተሳካው ሙከራ፣ የመሣሪያው ጠባይ፣ ተመራማሪው በልቡ የያዘው ጥርጣሬ ግን ባመዛኙ አይጻፍም፤ የሚተላለፈው በአንድ ቤተ ሙከራ ጎን ለጎን ሲሠራ፣ በሻይ ዕረፍት ሲጨዋወቱ ነው። ስልክና ኢንተርኔት ይህን ችግር በእጅጉ አቃልለዋል። ይሁን እንጂ ደብዳቤም ሆነ የኢንተርኔት መልእክት የሚያስተላልፈው ላኪው ለመጻፍ ያሰበውን ብቻ ነው። ሰው ደግሞ ማወቁን የማያውቀውን ነገር ሊጽፈው አይችልም። ከዚህም የተነሣ ለረጅም ጊዜ የታቀደ ትብብር ሲጀመር ተባባሪዎቹ በአካል ተገናኝተው ቢያንስ አንድ የሥራ ወቅት አብረው እንዲያሳልፉ ማድረግ የሚወጣበትን ወጪ የሚክስ ነው።

2. ርቀት ራሱ የምርምር መሣሪያ ሲሆን

ይሁን እንጂ የቦታ ርቀት ሁልጊዜ እንቅፋት ነው ማለት አይደለም። በ2019 ለሕዝብ የቀረበው የመጀመሪያው የጥቁር ጉድጓድ ምስል ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጥቁር ጉድጓዱ የሚገኘው ኤም 87 በተባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ሲሆን፣ ከምድር 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ይህን ያህል ሩቅ ነገር አጥርቶ ለማየት የምድርን ስፋት ያህል ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። ይህን መሥራት ስለማይቻል ተመራማሪዎቹ በአሪዞና፣ በሐዋይ፣ በሜክሲኮ፣ በቺሊ፣ በእስፓኝና በደቡብ ዋልታ የሚገኙትን 8 የሬዲዮ ቴሌስኮፖች በሚያዝያ 2017 አቀናጅተው እንደ አንድ መሣሪያ ተጠቀሙባቸው። እንዲህ ባለው ዘዴ ቴሌስኮፖቹ በተራራቁ ቁጥር የሚታየው ነገር ይበልጥ ይጠራል። የርቀቱ ስፋት የመሣሪያው ጉልበት ሆነ ማለት ነው።

ይህ እንዲሳካ ግን እያንዳንዱ ጣቢያ የጊዜ አመዘጋገቡን በአቶም ሰዓት ከሌሎቹ ጋር ማስማማት ነበረበት። የተሰበሰበው መረጃ እጅግ ብዙ በመሆኑ በኢንተርኔት ሊላክ አልቻለም፤ በመረጃ ማከማቻ ዲስኮች ተጭኖ በአውሮፕላን በአሜሪካ ማሳቹሴትስና በጀርመን ቦን ወደሚገኙት ማዕከሎች ተጓጓዘ። በደቡብ ዋልታ የተመዘገበው መረጃ የዋልታው ክረምት አልፎ አውሮፕላን መብረር እስኪጀምር ድረስ ወራት መጠበቅ አስፈልጎታል።

ከሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ምስሉ የተዘጋጀበት መንገድ ነው። ተመራማሪዎቹ በ4 ቡድን ተከፍለው አንዱ የሌላውን ሳያይና ሳይነጋገር ለየብቻው ምስሉን እንዲሠራ ተደረገ። ሁሉም የሚጠብቁትን ነገር ለማየት ይቸኩሉና እርስ በርስ ይሳሳባሉ የሚል ሥጋት ስለነበረ ነው። በኋላ ምስሎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ 4ቱም ቡድኖች ተመሳሳይ የብርሃን ቀለበት አግኝተው ነበር። በዚህ ሥራ መቀራረብም ሆነ መለያየት በዕቅድ የተወሰነ እንጂ በአጋጣሚ የተፈጠረ አልነበረም።

3. ያልተነገረ የአሠራር ልዩነት

የተቋማት ርቀት ከቦታ ርቀት የሚለየው በዓይን ስለማይታይ ነው። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት በታኅሣሥ 1998 ወደ ማርስ ያመጠቀው መንኮራኩር በመስከረም 1999 ፕላኔቷ ዘንድ ሲደርስ ጠፋ። መንኮራኩሩን የሠራው ኩባንያ በኮሎራዶ፣ ጉዞውን የሚመራው ቤተ ሙከራ ደግሞ በካሊፎርኒያ ነበር። የኩባንያው የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሞተሩን ግፊት በእንግሊዝ መለኪያ በፓውንድ ሲያወጣ፣ ተቀባዩ ቤተ ሙከራ ቁጥሩን በሜትሪክ ሥርዓት በኒውተን የተሰጠ አድርጎ ወሰደው። በሁለቱ መለኪያዎች መካከል ከ4 እጥፍ በላይ ልዩነት አለ።

ሁለቱ ተቋማት የአንድ አገር፣ የአንድ ቋንቋና የአንድ ሙያ ባለቤቶች ናቸው። የስልክም ሆነ የኮምፒዩተር መገናኛ አልጎደላቸውም። ውሉም በየትኛው መለኪያ መሠራት እንዳለበት ይደነግግ ነበር። ከአደጋው በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ቦርድ እንዳመለከተው፣ የበረራ መሪዎቹ ቁጥሮቹ የማይገጥሙ መሆናቸውን በጉዞው ጊዜ አስተውለው ነበር፤ ነገር ግን ጥርጣሬያቸው በደንቡ መሠረት ቀርቦ መፍትሔ አላገኘም። እዚህ ላይ ሁለት ጉድለቶች ተደራርበው ይታያሉ። የመጀመሪያው እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ልማድ የሁሉም ልማድ አድርጎ መቁጠሩ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጥርጣሬ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው በቀላሉ የሚያልፍበት በር አለመኖሩ ነው።

4. የእንዶድ ምርምር ታሪክ

የተቋማት ልዩነት የሚያስከትለው መዘዝ በአገራችን ጎልቶ የታየው በእንዶድ ምርምር ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ብልሃርዝያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሚወርደው ውኃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከቱ። የብልሃርዝያ ተውሳክ ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ስለሚያድግ፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ተክል በገበሬው ጓሮ መገኘቱ ታላቅ ተስፋ የሚሰጥ ነበር። በ1966 በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመና ዶክተር አክሊሉ መሪው ሆኑ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው ብርታት ያላቸውን መረጡ።

በዚህ ደረጃ የቦታው ርቀት ሥራውን አላገደውም። የደረቀ የእንዶድ ፍሬ በጆንያ ተጭኖ ባሕር ተሻግሯል። በካሊፎርኒያ የሚገኝ የምርምር ተቋም ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አውጥቶ፣ በዶክተር አክሊሉ ለማ ስም «ለማቶክሲን» ብሎ ሰይሞታል። በአድዋም በእንዶድ የተካሄደው የብዙ ዓመት የመስክ ሥራ የበሽታው ሥርጭት በተለይ በሕፃናት ላይ መቀነሱን አሳይቷል።

ችግሩ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ሰውና ከብት በሚጠጣው ውኃ ውስጥ የሚጨመር ነገር ሁሉ ጉዳት እንደሌለው መመርመር አለበት። ይህ ምርመራ ደግሞ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ባለው የቤተ ሙከራ ደንብ መሠረት እንዲካሄድ ተፈለገ። ደንቡ ስለ መዝገብ አያያዝ፣ ስለ ሙከራ እንስሳት አጠባበቅና ስለ ቁጥጥር ጥብቅ መመሪያ አለው። በአሜሪካ የወጣው በ1978፣ በኢንዱስትሪ የበለጸጉት አገሮች የጋራ ድርጅት ዘንድ የጸደቀው ደግሞ በ1981 ነው፤ ይኸውም የአድዋው ሥራ ከተጀመረ ከብዙ ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። በደንቡ መሠረት የተደራጀ ቤተ ሙከራ ያኔ በአዲስ አበባ አልነበረም።

ምርመራውን በውጭ አገር ለማስደረግ ከፍተኛ ገንዘብ ያስፈልጋል። ኬሚካል በሚሆንበት ጊዜ ይህን ወጪ የሚሸፍነው ከሽያጩ ትርፍ የሚጠብቀው አምራች ኩባንያ ነው። ለዚሁ ዓላማ በገበያ ላይ የነበረው ኒክሎሳማይድ የተባለው ኬሚካል አምራች ነበረው። እንዶድ ግን ማንም ገበሬ በአጥሩ ጥግ ሊያበቅለው የሚችል ተክል ነው። ለድሃ አገር የሚበጀው ይኸው ጠባዩ የምርመራውን ወጪ የሚከፍል ወገን አሳጣው። በመጨረሻ የካናዳ መንግሥት የልማት ምርምር ማዕከል በሰጠው ድጋፍ የመርዛማነት ምርመራው በ1990 አካባቢ ሲጠናቀቅ፣ ከመጀመሪያው ግኝት ወዲህ ሩብ ምዕት ዓመት አልፎ ነበር። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው የብልሃርዝያ መድኃኒት በሥራ ላይ ስለዋለ የበሽታው መቆጣጠሪያ መንገድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሯል። ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲያገኙ ተክሉ ገና በሰፊው ሥራ ላይ አልዋለም።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1990 እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧዎችን የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል ፍጥረት እንደሚገድል በአሜሪካ ኦሃዮ ተረጋገጠ። ዶክተር አክሊሉ የሥራው ተካፋይ ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚህ አጠቃቀም ላይ የተሰጠው የባለቤትነት መብት የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በአንዱ አገር ዕውቀት የወል ሀብት ሲሆን በሌላው አገር ሕግ የሚመዘገብ ንብረት ነው። ሁለቱ ሥርዓቶች አስቀድሞ የተጻፈ ስምምነት ሳይኖር ሲገናኙ ጥቅሙ ወደሚመዘገበው ወገን ማዘንበሉ አይቀርም።

ከዚህ ታሪክ ደንቡ ክፉ ነበር የሚል መደምደሚያ ላይ መድረስ አይገባም፤ ሰው የሚጠጣውን ውኃ መጠበቅ ተገቢ ነው። ትምህርቱ የሚገኘው፣ ምርመራው የት፣ በማንና በማን ወጪ ይካሄድ የሚለው ጥያቄ ለዓመታት ምላሽ ሳያገኝ መቆየቱ ያስከተለውን ኪሣራ በማየት ነው።

5. የአፋር ቅሪተ አካላት፤ የተቋም አቅም የሚያመጣው ለውጥ

የተቋም አቅም ሲገነባ የትብብር መልክ እንዴት እንደሚለወጥ ደግሞ የአፋሩ የቅሪተ አካል ምርምር ያሳያል። በ1974 ሐዳር ላይ ድንቅነሽ ወይም ሉሲ የተባለችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ቅሪተ አካል ስትገኝ የምርምሩ መሪዎች ፈረንሣዊው ሞሪስ ታይብና ኢቭ ኮፐንስ፣ አሜሪካዊው ዶናልድ ጆሃንሰንም ነበሩ። ቅሪተ አካሉ በስምምነት ወደ አሜሪካ ክሊቭላንድ ሙዚየም ተወስዶ ከተጠና በኋላ በ1980 ወደ አገሩ ተመለሰ። ግኝቱ የኢትዮጵያ ሆኖ ጥናቱ የተካሄደው ግን በውጭ አገር ነበር። በ1982 መንግሥት የውጭ ተመራማሪዎችን የመስክ ጉዞ አገደ፤ እገዳውም ለ8 ዓመት ያህል ጸና።

ከዚያ በኋላ የታየው ለውጥ ከፍተኛ ነው። ዶክተር ብርሃነ አስፋው በ1988 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀቁ፤ ሌሎች ኢትዮጵያውያንም ተከተሉ። በ1994 በመካከለኛው አዋሽ የ4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት አርዲ ስትገኝ የአጽሟን የመጀመሪያ ቁራጭ ያገኙት ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። እጅግ የተሰባበረው አጽም የጸዳውና የተጠናው በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ውጤቱ በ2009 ሲታተም የ10 አገሮች 47 ተመራማሪዎች በደራሲነት ተመዝግበዋል። ከሐዳር እስከ ክሊቭላንድ ያለው ርቀት አልተለወጠም። የተለወጠው አዲስ አበባ ውስጥ ሥራውን ሊቀበል የሚችል ቤተ ሙከራና የሠለጠነ ሰው መገኘቱ ነው።

6. አስቀድሞ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ከላይ ከቀረቡት ምሳሌዎች የሚከተሉትን ነጥቦች ማውጣት ይቻላል።

ሀ) የመለኪያና የአቆጣጠር አንድነት። በኢትዮጵያ ዓመቱ 13 ወር አለው፤ የቀኑም ሰዓት ከንጋት ጀምሮ ይቆጠራል። የአንድ ትምህርት ቤት የአየር ጠባይ መዝገብ «3 ሰዓት» ቢል የውጭው ተባባሪ ከሌሊቱ 3 ሰዓት አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ ስሕተቱም የ6 ሰዓት ነው። መዝገቡ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍ በመጀመሪያው ገጽ ላይ መገለጽ አለበት።

ለ) የሥራ ወቅት። የአውሮፓና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የረጅም ጊዜ ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴን ይጨምራል። ይህ ወቅት በአገራችን ክረምት ነው፤ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፤ ብዙ የገጠር መንገዶችም ይበላሻሉ። የመንግሥት በጀት ዘመን የሚጀምረውም ሐምሌ 1 ቀን ነው። እንግዳው ለመምጣት የሚመቸው ጊዜ ተማሪው የማይገኝበትና ሒሳብ የሚዘጋበት ጊዜ ከሆነ፣ ዕቅዱ በወረቀት ላይ ቢያምርም በሥራ ላይ አይውልም።

ሐ) የመረጃና የደራሲነት መብት። የሰው ልጅን የዘር ቅንብር ለማንበብ በ6 አገሮች የሚገኙ 20 ማዕከሎች ሲተባበሩ፣ በ1996 ቤርሙዳ ላይ ተገናኝተው የተነበበው ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ተስማሙ። ሥራው በ2003 ተጠናቀቀ። ትልቁም ሆነ ትንሹ ማዕከል መረጃውን እኩል የሚያገኝበት መንገድ የተከፈተው በስምምነቱ ነው። ኮሌጆችም የሰበሰቡት መረጃ ግልባጭ በእጃቸው እንዲቀር፣ የመምህሩም ስም በምን ሁኔታ በደራሲነት እንደሚገባ አስቀድመው ማስጻፍ ይገባቸዋል።

መ) የጥርጣሬ በር። ቁጥር አልገጥም ሲል ለማን፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ በምን መንገድ እንደሚነገር መወሰን አለበት። የበታች ተባባሪ የበላዩን ለመጠየቅ የሚፈራበት ትብብር ስሕተቱን የሚያገኘው ዘግይቶ ነው።

7. በክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችል ምሳሌ

ይህን ሁሉ ተማሪዎች ያለ ብዙ ወጪ ሊለማመዱት ይችላሉ። አዲስ አበባና መቀሌ በሰሜንና ደቡብ መሥመር ከሞላ ጎደል አንዱ ከሌላው አናት ላይ ይገኛሉ። መጋቢት 11 ቀን ገደማ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ፣ በሁለቱም ከተሞች የሚገኙ ተማሪዎች 1 ሜትር እንጨት ቀጥ አድርገው ተክለው በእኩለ ቀን የጥላውን አጭር ርዝመት ይለኩ። በአዲስ አበባ 16፣ በመቀሌ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ያገኛሉ። ጥላው የሚያጥርበት ቅጽበት ራሱ የቦታው እኩለ ቀን ስለሆነ የሰዓት ልዩነት አያስቸግርም። ከሁለቱ ጥላዎች የሚወጣው የ4.5 ዲግሪ ያህል ልዩነትና በከተሞቹ መካከል በቀጥታ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ተጣምረው የምድርን ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ያደርሱታል።

አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን ይህን ሊያገኝ አይችልም፤ በአንድ ግቢ ውስጥ የተተከሉ ሁለት እንጨቶችም ምንም አይናገሩም። ውጤቱን የሚሰጠው ርቀቱ ነው። ነገር ግን የአንዱ ቡድን እንጨት 1 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ውጤቱ በአንድ አምስተኛ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይዛባል። አንደኛው ቡድን እንጨቱን ከአፈር በላይ፣ ሌላው አፈር ውስጥ የገባውን ጨምሮ 1 ሜትር ቢያደርገውም ሒሳቡ ይበላሻል። ሁለቱ መምህራን አስቀድመው ተጻጽፈው በእነዚህ ነጥቦች ላይ ሲስማሙና ውጤቱን በሁለቱም ትምህርት ቤቶች ስም ሲመዘግቡ፣ ተማሪው ከጂኦሜትሪው ጋር የትብብርን ሥርዓት ይማራል።

መደምደሚያ

የቦታ ርቀት ወጪና ጊዜ የሚጠይቅ ቢሆንም በታወቀ ዘዴ የሚታለፍ፣ አንዳንዴም ለምርምሩ የሚጠቅም ነው። የተቋማት ልዩነትም በራሱ ጥፋት አይደለም፤ አንዱ የሌለውን ሌላው ስላለው ነው ትብብር የሚያስፈልገው። ጉዳት የሚደርሰው ልዩነቱ ሳይነገር ሲቀርና አንደኛው ወገን ለመቀበል የሚያበቃ አቅም ሳይኖረው ሲቀር ነው። ስለሆነም የዕቅድ ባለሙያዎች ከውጭ ተቋማት ጋር የሚደረገውን እያንዳንዱን ስምምነት ሲመረምሩ፣ ከሚገኘው ገንዘብ መጠን በፊት ሥራው ሲፈጸም በኮሌጁ ውስጥ ምን መሣሪያ፣ ምን መዝገብና ምን ዓይነት የሠለጠነ ሰው ይቀራል ብለው መጠየቅ ይገባቸዋል። መምህራንም በበኩላቸው ጥያቄው በሚነሣበት ጠረጴዛ ዙሪያ ቦታ እንዲኖራቸው ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምረው መጠየቅ ይጠበቅባቸዋል።